ሰውየው ሐራሬ፣ መዝገቡ እዚህ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ኮተቤ 02 አካባቢ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የፍርድ መዝገብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ገልብጬ፣ የደጋገምኩትን ቀንሼ አቅርቤዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በቀደም ከመገናኛ ወደ ካራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ላምበረት ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። አንድ ጎልማሳ ስለ ቤት ኪራይ ማማረር ጀመረ። ከዚያ ስለ ዘይት፣ ከዚያ ስለ ሌብነት። መጨረሻ ላይ "መንጌ ቢኖር ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር" አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "ያን ሁሉ ወጣት የፈጀውን ሰው ነው የምትናፍቀው?" አለችው። ረዳቱም ገባበት። ረዳቱ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። "አገር ወዳድ ነበር፤ እሱን ማንም አይክደውም" አለ። ኮተቤ እስክንደርስ ተጨቃጨቁ።

እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ጠበቃ ነኝ። ያሳዘነኝ ምን መሰላችሁ? በዚያ ሁሉ ክርክር መሃል አንድም ሰው ፍርድ ቤቱ ምን እንዳለ አላነሳም። 12 ዓመት የፈጀ ችሎት ነበር። ምስክር ተሰምቷል፣ ሰነድ ተመርምሯል፣ ፍርድ ተጽፏል። እኛ ግን ገና ትናንት የሆነ ይመስል እያንዳንዳችን በየፊናችን ከዜሮ እንጀምራለን። አንዱ ያፈቅራል፣ አንዱ ይረግማል፣ መዝገቡን የሚገልጥ የለም። ዛሬ የመጣሁት ያንን መዝገብ አብረን እንድንገልጠው ነው።

ከሕጉ በፊት ግን ስለ አንዲት ጎረቤቴ ላውራችሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። አሁንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩም የሚያውቃቸው እትዬ እያለ ነው።

እትዬ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ እናታቸው ተከራይተው ይኖሩበት የነበረው ቤት ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ኪራዩ ወረደ። ውጡ የሚላቸው ጠፋ። እትዬ እዚያው አደጉ፣ እዚያው ተዳሩ፣ እዚያው ልጆች ወለዱ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው በር፣ ታላቅ ወንድማቸው በሌሊት ተወሰደ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የወሰዱት አብዮት ጠባቂዎች "ለጥያቄ ነው፣ ጠዋት ይመለሳል" ብለው ነበር። እናትየው ለአንድ ወር ያህል እስር ቤት ስንቅ አመላለሱ። አንድ ቀን ሰሐኑ ሳይነካ ተመለሰ። "ከእንግዲህ አታምጡ" ተባሉ። በቃ። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ቀን የለም። ሙት ዓመቱን የሚያወጡበት ቀን እንኳ የላቸውም።

አንድ ጊዜ ቡና ላይ ስለ መንግሥቱ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኳቸው። ሲኒውን አስቀመጡና "ቤቱን የሰጠኝ እሱ፣ ወንድሜን የወሰደብኝ እሱ። ምን በል ትለኛለህ?" አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

ስለ ሰውየው ሕይወት ባጭሩ ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወታደር ልጅ ናቸው። ሆለታ ተምረው መኮንን ሆኑ፣ ሐረር በሦስተኛው ክፍለ ጦር አገለገሉ፣ ለሥልጠና አሜሪካ ሄደው ተመለሱ። ሰኔ 1966 ዓ.ም. ደርግ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ሲሰባሰብ ሻለቃ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ቦታው ያኔ ዓለም በቃኝ የሚባለው ወህኒ ቤት ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሞበታል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ መንበሩ የመንግሥቱ ሆነ። ያኔ ኦጋዴን ላይ ጦርነት ነበር፣ ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። በመላ አገሪቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተካሄደ። በ1977 ረሃብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ቀጥሎ አፈሳ፣ ሰፈራ፣ መንደር ምሥረታ። በ1980 ዋዜማ ሪፐብሊክ ታወጀና "ፕሬዚዳንት" ተባሉ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወጡ፣ በናይሮቢ አድርገው ሐራሬ ገቡ። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ።

አሁን ቀስ ልበል። አንድ ቃል ላይ ልቆም ነው። "እርምጃ" የሚለው ቃል ላይ።

እርምጃ ምንድን ነው? እግር አንሥቶ ማስቀመጥ ነው። ሕፃን ዳዴውን ትቶ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመድ እናቱ እልል ትላለች። በ1969 እና በ1970 ግን ይህ ቃል ሌላ ሥራ ያዘ። "አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት" ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። "ነፃ እርምጃ" ማለት ደግሞ ካድሬው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ አብዮት ጠባቂው ማንንም ሳይጠይቅ መግደል ይችላል ማለት ሆነ። አስቡት። መግደል የሚለው ቃል ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ጸሐፊው ሲተይብ፣ አለቃው ሲፈርም፣ ዜና አንባቢው ሲያነብ፣ ማንም "ገደልን" አላለም። ተራመድን ነው ያሉት።

ይህ ቃል ግን ዱካውን ትቶ ሄደ። የደርግ ቢሮ ሁሉን ነገር በወረቀት የሚያደርግ ቢሮ ነበር። ማን እንደታሰረ፣ ማን እንዲመረመር እንደተወሰነ፣ ማን ላይ "እርምጃ" እንደተወሰደ ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይጻፍ ነበር። በጥድፊያ ሲሸሹ ያንን ወረቀት አላቃጠሉትም። በነሐሴ 1984 በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሰበሰበ። የክሱ ዋና አጥንት ከተጎጂዎች ምስክርነት ጋር ይሄ የራሱ የደርግ ወረቀት ነው። "ጠላት የፈጠረው ወሬ ነው" ለምትሉ፣ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው።

ሌላው ማስረጃ ከመሬት የወጣው ነው። ይህንን ስናገር እዚሁ ኮተቤ መሆኔ ይከብደኛል። በ1986 ዓ.ም. ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሆነው የጅምላ መቃብሮችን ይቆፍሩ ነበር። ከቆፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ኮተቤ ነው። ያኔ ከከተማው ዳር የወጣ፣ ባሕር ዛፍና እርሻ የበዛበት አካባቢ ነበር። ከአፈሩ የወጡት አጽሞች አንገታቸው ላይ የናይሎን ገመድ እንደተጠመጠመ ነበር። ሥጋው አልቆ፣ ልብሱ በስብሶ፣ ገመዱ አልበሰበሰም። ናይሎን አይበሰብስማ። በጥይት ቢገደሉ ተኩሱ ይሰማል። እነዚህ ማንም እንዳይሰማ ነው የታነቁት።

እነዚያ አርጀንቲናውያን ይህንን ሙያ የተማሩት የገዛ አገራቸው ወታደራዊ መንግሥት የሰወራቸውን ወጣቶች አጽም ሲፈልጉ ነው። ያንን ሐዘን ይዘው እዚህ ድረስ መጥተው፣ ተንበርክከው፣ በብሩሽ አፈራችንን ጠርገዋል። ሁሌ ሳስበው ልቤን ይነካዋል።

ወደ ሕጉ ልግባ። ችሎቱ የተከፈተው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው መዝገብ 73 የደርግ አባላትና ባለሥልጣናትን የያዘ ነበር፤ አንደኛ ተከሳሽ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። ጥያቄው በምን ሕግ ይጠየቁ የሚል ነበር። በኋላ በወጣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ መቅጣት አይቻልም። መልሱ የተገኘው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነው፤ ንጉሡ ባወጡት ሕግ። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። ከዚያ በወጣው የራሷ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ደግሞ ስምምነቱ ያልያዘውን ጨመረች። ስምምነቱ የሚጠብቀው ብሔርን፣ ጎሣን፣ ዘርንና ሃይማኖትን ነው። የእኛ ሕግ የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረ። ደርግን በስውር ይዋጋ የነበረው ፓርቲ፣ የኢሕአፓ አባል ነህ ተብሎ የተገደለ ልጅ በዓለም አቀፉ ስምምነት ውስጥ ቦታ የለውም። በእኛ ሕግ ግን አለው። ደርግ ንጉሡን አወረደ፣ ሕጋቸውን ግን አልሻረም። 17 ዓመት ሙሉ ሲፈርድበት ቆየ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሌለ ሰው እንዴት ይከሰሳል የሚል ነው። በድሮ ጊዜ አባቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን በነጠላ ጫፍ አቆራኝተው ዳኛ ፊት ይልኩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። አንዱ ካልቀረበ ሌላውም አይቀርብም። የዚህ ክስ ነጠላ አንድ ጫፉ ልደታ ፍርድ ቤት፣ አንድ ጫፉ ሐራሬ ነበር። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ቢያንስ 12 ዓመት ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በጋዜጣ ተጠርቶ ካልቀረበ በሌለበት ሊታይ ይችላል። እንደዚያ ነው የሆነው። ጠበቃ መግዛት ላልቻሉት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው።

ተከሳሾቹ ምን አሉ? ይህንን ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ። "መጀመሪያ የተኮሰብን ኢሕአፓ ነው" አሉ። እውነትነት አለው። መስከረም 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሳቸው ተተኩሶባቸው ቆስለዋል። ካድሬዎችና የቀበሌ ሰዎች በየመንገዱ ተገድለዋል። "አገር ተወርራ ነበር" አሉ። ይሄም እውነት ነው። "አሸናፊ ተሸናፊን እየፈረደበት ነው" አሉ። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ነው። ከሳሹ መንግሥት በማዕከላዊ እስር ቤት ሰው ይገረፍ እንደነበር እኔም እናንተም እናውቃለን። ማዕከላዊን በ2010 ዓ.ም. ለመዝጋት ያበቃውም ይሄው ነው። ችሎቱም ከመጠን በላይ ረዘመ። ሰዎች ሳይፈረድባቸው 15 ዓመት ታስረዋል፤ ጥቂቶቹ ፍርዳቸውን ሳይሰሙ ሞተዋል።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የተኮሰብህን ሰው ይዘህ፣ አስረህ፣ ትጥቁን አስፈትተህ፣ በሌሊት አውጥተህ በናይሎን ገመድ ማነቅን የትኛው ጦርነት ይፈቅዳል? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ገድለህ እናቱን የጥይት ዋጋ ክፈይ ማለትን የትኛው የአገር ፍቅር ይሸፍነዋል? ካራማራ ያኮራል። የካራማራ ጀግኖች ግን የትምህርት ቤት ልጅ አላነቁም። ድሉን ለሞቱለት ወታደሮች ስጡ፤ ለአናቂዎች መጋረጃ አታድርጉት።

ፍርዱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተነበበ። መንግሥቱ በዘር ማጥፋት፣ በሕገ ወጥ እስርና በሕገ ወጥ ንብረት መውረስ ጥፋተኛ ተባሉ። ከተከሳሾቹ ነፃ የወጣው አንድ ብቻ ነው። ከሦስቱ ዳኞች ደግሞ አንደኛው የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ደርግ በኋላ ባወጣቸው ሕጎች የፖለቲካ ቡድኖችን ጥበቃ ስላነሣ ወንጀሉ ከባድ ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት ሊባል አይገባም ነው ያሉት። ወጣቶች፣ ሕግ የምትማሩ ካላችሁ ይህንን የልዩነት ሐሳብ ፈልጋችሁ አንብቡት። ግድያው የለም አላሉም። ስሙ ላይ ነው የተለዩት። አንድ ዳኛ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ብቻውን ተለይቶ መጻፍ መቻሉ ለእኔ የችሎቱን ክብር ከፍ ያደርገዋል።

ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ለወጠው። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እስር ላይ የነበሩትን የ23 ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ አወረዱላቸው። መስከረም 2004 ብዙዎቹ 20 ዓመታቸውን ጨርሰው በአመክሮ ወጡ። ጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው ወደ 30 ዓመት የኖሩት ሁለቱ ደግሞ በ2013 ታኅሣሥ ወጡ። የኤምባሲ ግቢ ሰፊ ነው፤ 30 ዓመት ግን 30 ዓመት ነው። ከታዘዙት ብዙዎቹ በሆነ መልኩ ከፈሉ። አንደኛው ተከሳሽ ግን አልከፈሉም።

ለምን? ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችም። የሙጋቤ መንግሥት "በነፃነት ትግላችን ረድተውናል" አለ። ውለታ ነበረ፤ ከፈሉት። ጥቅምት 1988 ሐራሬ ውስጥ አንድ ኤርትራዊ ሊገድላቸው ሞክሮ ተረፉ። በ1992 ለሕክምና ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ ኢትዮጵያ ያዙልኝ አለች፤ ሳይያዙ ተመለሱ። ሙጋቤ ከሥልጣን ወረዱ፤ የመንግሥቱ መጠለያ ግን አልተነካም። በ2010 ክረምት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሐራሬ ላይ አገኟቸውና ሁለቱ የቆሙበት ፎቶ ወጣ። ያን ቀን ስልኬ አላረፈም። የሳቀ ነበር፣ የደነገጠ ነበር። እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው። ያረጀ ሰው እጅ ነው።

ከትናንሾቹ ያላመለጡ ግን አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የከፍተኛ 9፣ ማለትም የቀበሌዎች የበላይ አስተዳደር፣ ሊቀ መንበር የነበረ ሰው አሜሪካ፣ አትላንታ፣ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ በእሱ ትእዛዝ የተሠቃየች ሴት እዚያው ሆቴል አየችው፤ አወቀችው። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ከሰሰችው፣ ረታችው። በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በታኅሣሥ 2010 ዘሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞችን በማስገደልና በሌሎች ወንጀሎች አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። አርባ ዓመት ገደማ አልፎት! ያ ሰው ኔዘርላንድስ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ፣ ተረጋግቶ ይኖር ነበር።

አሁን ለእትዬ ያኔ ያልሰጠኋቸውን መልስ ልሞክር። ቤቱን የሰጠ አዋጅ ነው። አዋጁን ያስመጣው ደግሞ ሕዝቡ ነው፤ መሬት ላራሹ ብለው በየዓመቱ የወጡት ተማሪዎች፣ የእትዬ ወንድም ታላላቆች። ከእነዚያ ብዙዎቹን ነው ደርግ በኋላ የበላው። ስለዚህ እትዬ፣ ለቤቱ የሰውየው ባለ ዕዳ አይደሉም። ይህንን ሸክም ያውርዱት።

ከዚህ ወዲያ ጥያቄ ብትጠይቁኝ ይሻላል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።

አንድ ወጣት ተነሥቶ "ነገ ቦሌ ቢወርድ ምን ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። ፍርዱ እንዳለ መሆኑን ነገርኩት። በሌለሁበት የተፈረደው ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ጥሪው አልደረሰኝም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ያዘኝ ብሎ ማስረዳት አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ይህን ዓይነት ወንጀል ይርጋ አይዘጋውም፣ ምሕረትም ይቅርታም የለበትም። ርዕሰ ብሔሩ ማድረግ የሚችሉት ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው። ሌላ ልጅ "እርምጃ ተወሰደ" የሚለውን ቃል ዛሬም በዜና እንደሚሰማ ተናገረ። አዎ፣ እኔም እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ማን፣ የት፣ በማን ትእዛዝ ብዬ እጠይቃለሁ አልኩት።

እትዬ ጥያቄ አልጠየቁም። ሰው ከወጣ በኋላ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ እኔ መጡ።

"ፍርዱ የተነበበው ታኅሣሥ ስንት ነው ያልከው?"

"ሦስት ነው እትዬ። ታኅሣሥ 3።"

"በዓታ ዕለት?"

"በዓታ ዕለት።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያ ቀኑ ይሄ ይሁንለት" አሉና ጭቃውን እየመረጡ ወደ ቤታቸው ወረዱ።